ካርቶን ውስጥ የገባው ነፋስ

ነፋስ አስሯል ተብሎ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ እንግዲህ ዛሬ እኔን እዩ። በሬ አስሮ የሚያሳድር፣ ጭነት አጥብቆ የሚያስር ሰው እንዲህ ተብሎ ቢታማ ያምርበታል። እኔ የጫማዬ ክር እንኳ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ የሚፈታብኝ ሰው ነኝ። ሐሜት ግን ችሎታ አይጠይቅም፤ የመጣበት ሰው ላይ ያርፋል።

ጥፋቴ አንድ ብቻ ነው። መለካት እወዳለሁ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ግን ትምህርቱ አብሮኝ ይወጣል። ከአልጋችን እስከ በሩ ስንት ስንዝር እንደሆነ አውቃለሁ። ሽንኩርት እስኪቁላላ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ጠዋት ሲያገኘኝ «ደህና ነህ ወይ» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሚደጋግመው ቆጥሬ ደብተር ላይ አስፍሬዋለሁ (አሥራ አንድ ጊዜ፤ የአረፋ ሰሞን አሥራ አራት ይደርሳል)። ባለቤቴ ሀዋ «አንተ እኮ መቃብርህን ራስህ ሳትለካ አትሞትም» ትለኛለች። እኔም መቃብር ቆፋሪዎች በግምት እንደሚሠሩ ስለማውቅ ነገሩን እንደ ስድብ አልወስደውም።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስጀምር ታዲያ የሚለካ ነገር ሁሉ በሌሎች ተለክቶ አልቆ አገኘሁት። የቀረኝ አየር ላይ የሚበር እብቅ ነበር። እብቅ ከስንዴው ተለይቶ ሲበር በየት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ግራ ቀኙን፣ ላይ ታቹን፣ ፊትና ኋላውን፣ በሦስቱም አቅጣጫ እለካለሁ ብዬ ተነሣሁ። መንገዱ ዲጂታል ሆሎግራፊ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጸጥ ያለ ኩሬ ውስጥ ጠጠር ሲወድቅ ውሃው ክብ ክብ እየሠራ እስከ ዳር ይመጣል። ጠጠሩ ሲወድቅ ያላየ ሰው ዳር ቆሞ የክቦቹን ስፋትና ጥበት ቢያጤን የት እንደወደቀ ይደርስበታል። የሌዘር ብርሃንም እንደዚያው ነው፤ አንዲት ብናኝ ፊቱ ስትገባ በዙሪያዋ ክብ ክብ ይሠራል። ካሜራው የሚያነሣው ክቦቹን ነው። ኮምፒዩተሩ ከክቦቹ ተነሥቶ ብናኟ የት እንደነበረች፣ ከካሜራው ምን ያህል ርቃ እንደነበረች ጭምር ያሰላል። ተራ ፎቶ ሩቅና ቅርብ አይለይም፤ ይኼኛው ይለያል። ይህንኑ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስትደጋግሙት የእያንዳንዷ ብናኝ መንገድ በመስመር ተሥሎ ይወጣላችኋል።

መጀመሪያ ክፍል ውስጥ በቬንቲሌተር ሞከርኩት። አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ በስልክ «የቬንቲሌተር ነፋስ ነፋስ አይባልም፤ አውድማ ውረድ» አለኝ። አውድማ ላይ ደግሞ ፀሐይ አለ፤ ፀሐይ ካለ የሌዘሯ ብርሃን ትዋጣለች። ስለዚህ ጨለማ የሚሆን ሳጥን ያስፈልግ ነበር። የሀዋ እህት ከጅዳ ለእረፍት ስትመጣ ያመጣችልን ቴሌቪዥን ካርቶኑ አልጋ ሥር ነበር። ውስጡን ጥቁር ቀባሁት። ከፊትና ከኋላ ክዳን ያለው አፍ አበጀሁለት፤ ነፋሱ እብቁን ይዞ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። ሌዘሩን በአንድ ጎን፣ ካሜራውን በሌላው ጎን ገጠምኩ። ለኤሌክትሪኩ የሞተር ሳይክል ባትሪ ተዋስኩ። ሥራዬን ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁትና ኮራሁ፤ ሀዋ ግን ስታየው «ይሄ ነገር ሬሳ የሚወጣበት ይመስላል» አለች።

የሀዋ አባት ጋሽ ይመር ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ ከሚኒባስ ተወርዶ ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ደጋ ላይ ነው የሚኖሩት። ታኅሣሥ ነው። ስንዴው ተወቅቶ፣ ከእብቁ ጋር እንደተቀላቀለ አውድማው መሀል ተከምሯል። የቀረው በላይዳ ወደ ላይ እየዛቁ መበተን ነው፤ ላይዳ ማለት ያቺ የእንጨት አካፋ ናት። ስንዴው ይወርዳል፣ እብቁን ነፋስ ይወስደዋል። ያ ክምር የጋሽ ይመር የዓመት ቀለብ ነው፤ ሌላ የላቸውም።

አውድማ ሥርዓት አለው። ጫማ ይወለቃል። ምርቱ ተለይቶ ሳያልቅ ስንት ይወጣዋል ተብሎ አይገመትም፣ አይለካም፣ አይቆጠርም፤ በረካው ይነሣል። ሲሰፈር እንኳ የመጀመሪያው «አንድ» አይባልም፤ «በረካ» ተብሎ ተጀምሮ ነው ሁለት የሚባለው። እኔ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ሀዋን አስከትዬ፣ ጥቁር ሳጥን ተሸክሜ የገባሁት።

«ምንድነው ልጄ?» አሉኝ ጋሽ ይመር፣ ላይዳቸውን ተመርኩዘው።

«መለኪያ ነው አባቴ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ስንዴዬን ልትለካ ነው?»

«ኧረ የለም። ነፋሱን ነው።»

እፎይ አሉ። «ነፋሱን ከሆነ ለካ። ነፋስ የአላህ ነው፤ የኔ አይደለም።»

ያን ቀን የነበረው ነፋስ ግሩም ነበር። ጋሽ ይመር ሲበትኑ እብቁ እየተነሣ በሳጥኔ አንድ አፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ካሜራዬ ይቀዳል። ክቦቹ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብለው ሲመጡ የደስታ ሲቃ ያዘኝ፤ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው። ጠንቃቃ ስለሆንኩ የቀዳሁትን ሁሉ ወዲያው ፍላሽ ላይ ገልብጬ የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የካሜራው መስተዋት አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ የሳጥኑን ሁለት አፎች ዘጋሁና በፕላስተር አሸግኋቸው።

ሁለተኛውን ፕላስተር በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ነፋሱ ቆመ።

ቀስ በቀስ ደክሞ አይደለም የቆመው። ጋሽ ይመር በላይዳቸው ዝቀው ገና ወደ ላይ መበተናቸው ነበር። ምርቱ አየር ላይ ወጥቶ እንዳለ፣ ስንዴው ከነእብቁ፣ ራሳቸው ላይ ወረደ። ጠበቁ። ደግመው በተኑ፤ ደግሞ ወረደባቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ሰማዩን አዩ፣ ቀጥለው እኔን ሳይሆን ሳጥኑን አዩ። እኔም ፕላስተሩ ላይ ያለውን አውራ ጣቴን ቀስ ብዬ አነሣሁ።

በማግሥቱም ነፋስ የለም። በሠልስቱም የለም። ያ ደጋ እኮ በታኅሣሥ ኮፍያ የማይበረክትበት አገር ነው። አሁን ግን የባሕር ዛፉ ቅጠል አንዷ እንኳ አትንቀሳቀስም። ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሰማይ ላይ ይቀራል። ከገደሉ ማዶ ያለች ሴት ልጇን ስትቆጣ ቃል በቃል ይሰማናል፤ እሷም እኛን ትሰማለች መሰለኝ፣ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መነጋገር ጀመርን። ውሾች መጮህ ተዉ። ቁራዎቹ መብረሩን ረስተው መንገዱን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ይህንን አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ሁለቱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ላይ ከዓባይ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀመረ። ያለወቅቱ ነው፣ ከባድ ነው፣ ገፍቶ የሚወስደው ነፋስ ስለሌለም በየቀኑ እዚያው እየወፈረ ቆሞ ያየናል። ያ ዝናብ ከወረደ ከእብቁ ያልተለየው ስንዴ አውድማው ላይ ይበቅላል፣ ይሻግታል።

ጋሽ ይመር በየማታው ክምሩን በሸራ ይሸፍኑታል፣ በየጠዋቱ ይገልጡታል። ቀን ላይ ዳር ተቀምጠው በጥርሳቸው መሀል ቀስ ብለው ያፏጫሉ፤ ነፋስ መጥራታቸው ነው። ሌላ ድምፅ በሌለበት አገር ያ ፉጨት ቀኑን ሙሉ ሲሰማ ሰውነት ይሰቀጥጣል።

ሐሜቱ ከእኔ ቀድሞ ውሃ መቅጃ ወረደ። ከውሃ መቅጃ ገበያ ሄደ። ከገበያ እንዴት እንደተሻገረ እንጃ፣ ከምሳ በፊት የሀዋ እህት ከጅዳ ደወለች። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ «ነፋሱን ልቀቅላቸው እንጂ፣ ምን ይሠራልሃል?» አለችኝ። ካርቶኑ የእሷ እንደሆነ ሳስታውሳት ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለት ናቸው። አንዱ ሸህ እንድሪስ ናቸው፤ ማሳቸው ከጋሽ ይመር ጋር ይዋሰናል፣ አውድማቸውም ከታች ነው፣ የእሳቸውም ክምር ነፋስ ይጠብቃል። ሌላው የደብሩ ቄስ መምሬ ጌጡ ናቸው፤ ገብሳቸው እንደተወቃ ቀርቷል። ነፋስ ሃይማኖት ስለማይለይ ሁለቱ አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ባዶ እግሬን ፊታቸው ቆምኩ። ጋሽ ይመር ራቅ ብለው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይቀመጡ እንጂ ይሰማሉ።

«ማንም አልከሰሰህም ልጄ፣ አብሽር» አሉኝ ሸህ እንድሪስ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ከቁጡ ሰው ይልቅ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው። «የምንጠይቅህን ብቻ መልስልን። ነፋሱ በዚህኛው አፍ ገባ?»

«አዎ፣ ገባ።»

«በዚያኛው ወጣ?»

«ወጣ።»

«ሁሉም?»

እዚህ ላይ «አዎ» ማለት ነበረብኝ። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ግን የተማርኩት ትምህርት አላስቀመጥ አለኝ። «ሁሉም እንኳ አይወጣም» አልኩ። «ጥቂቱ ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ውስጥ ይቀራል።»

መምሬ ጌጡ «ያረቢ» አሉና ወዲያው አማተቡ።

ነገሩ እጄ ላይ ሲበላሽ ታየኝ። የሰው ልጅ ሲፈራ ዝም ይላል፣ አስተማሪ ሲፈራ ግን ያስረዳል። ስለዚህ አስረዳሁ። ሳጥኑ ባዶ ነው፤ በዓይናችሁ ላሳያችሁ አልኩ። ሁለቱም አፎች እንደታሸጉ ናቸው፣ ውጭ ነፋስ የለም፤ እንግዲህ ውስጥ ያለው ብናኝ ዝም ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ፣ እኔም ነጻ እወጣለሁ አልኩ። ባትሪውን አገናኘሁ። ሌዘሩን አበራሁ። ሳጥኑን ነቅነቅ አደረግሁና እብቁ እስኪረጋ እየጠበቅሁ ከመሣሪያው ጥቅም፣ ከውጭ አገር አሠራሩ፣ ከማላውቀውም ነገር ሳይቀር ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁላቸው። ከዚያ ቀዳሁ፣ ኮምፒዩተሩን አስላ አልኩት፣ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞርኩት።

መስመሮቹ አንድ በአንድ መሣል ጀመሩ። ወደ ታች አልወረዱም። ዞሩ። በአንዱ ጎን ተነሥተው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ክዳኑን ታክከው ያልፋሉ፣ በሌላው ጎን ይወርዳሉ፣ በታች በኩል ተመልሰው ይነሣሉ። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፣ ሳይቸኩሉ፣ ደጋግመው። አንዲት ብናኝ ብቻ መሀል ላይ ሳትንቀሳቀስ ቆማ ነበር፤ ሌሎቹ የሚዞሩት እሷን ነው።

«ሳጥኑ ዝግ ነው?» አሉ መምሬ ጌጡ።

«ዝግ ነው አባ።»

«እዚህ ውጭ ነፋስ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያ ማነው የሚያዞረው?»

እጄን ካርቶኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቅ ብሎ ነበር፤ የከብት ሆድ ላይ እጅ እንደማሳረፍ ነው። ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ከገዛ ሳጥኔ ሸሸሁ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን አዩ።

አሁን ተረጋግቼ ሳስበው ሌዘሩና ካሜራው ሲበሩ ይሞቃሉ፤ የሞቀ አየር ይነሣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ ደግሞ መዞር ብቻ ነው ያለው። ይህንን ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። አምስት ደቂቃ ባገኝ እደርስበት ነበር። ያን ቀን ግን አምስት ደቂቃ የለኝም፤ ያለኝ በገዛ እጄ ያቀረብኩት ማስረጃ ብቻ ነው። ከሳሽ ያላመጣብኝን ምስክር ራሴ በባትሪ አስነሥቼ አመጣሁ።

ሸህ እንድሪስና መምሬ ጌጡ ጆሮ ለጆሮ ተነጋገሩ። ፍርዱ አጭር ነበር። ሳጥኑ ከፍ ካለ ቦታ ይከፈት፤ የለካኸውም ይመለስ።

«የለካሁት እንዴት ነው የሚመለሰው ሸህዬ?»

«እንዴት እንደወሰድከው አንተ ነህ የምታውቅ። ሁሉንም ልቀቅ ልጄ። ምንም አታስቀር።»

ሳጥኑን ከነክዳኑ ገደሉ አፋፍ ወስጄ ከፈትኩት፣ ቀደድኩት። ኮምፒዩተሩን ሽማግሌዎቹ ፊት ከፍቼ የሁለት ዓመት ሥራዬን አንድ በአንድ ደመሰስኩ። «ሁሉም?» አሉ ሸህ እንድሪስ። «ሁሉም» አልኩ። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር። እህ፣ ምን ታዩኛላችሁ? በሐሜት ምክንያት ዲግሪ የሚጥል ሰው አለ? የለቀቅሁ እመስላለሁ፣ እነሱ ይረጋጋሉ፣ ነፋሱም የሚመጣ ከሆነ በራሱ ጊዜ ይመጣል ብዬ ነው። ሀዋ ብቻ ኪሴን አንድ ጊዜ አየት አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ነፋሱ አልመጣም። የተቀዳደደውን ካርቶን የጋሽ ይመር አህያ በላችው። ወሬው አሁን ወደ አህያዋ ዞረና ሁለት ቀን ሙሉ የሚጭናት ጠፋ፤ ስታናፋ ሰዎች ቆም ብለው ያዳምጡ ነበር። እኔን ግን አልረሱኝም። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ያበሉኛል፤ እበላለሁ፣ እጄን ታጥቤ ስነሣ ግን ዓይናቸው አብሮኝ ይነሣል። ደመናው ወፍሮ ወፍሮ ማዶ ያለውን ተራራ ሸፈነው።

በዚያ ማታ፣ ገና ሳይጨልም፣ ጋሽ ይመር ክምሩን ሲሸፍኑ ላግዛቸው ሄድኩ። የሸራውን አንድ ጫፍ ያዝኩ። እጃቸውን ከሸራው ሥር አስገብተው ምርቱን ዘገን አድርገው አሸተቱት። እርጥበት ጀምሮታል። አልነገሩኝም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ሰው የሚለውን በሆድህ አትያዘው» አሉኝ። «ነፋስ የሚያስር የአላህ ባሪያ የለም። ቢኖርም እኔ ለስንዴ ብዬ አማቼን አላስከፋም። ሶብር ነው።»

እንዲያ ሲሉኝ አፈርኩ። ያፈርኩት በሐሜቱ ሳይሆን በደግነታቸው ነው። ዝም ብለው ቢቆጡኝ ኖሮ ፍላሹን ታቅፌ ደህና እተኛ ነበር። እጄን ኪሴ ከትቼ ፍላሹን ዳሰስኩት፣ ባዶውን መለስኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ፍላሽ ገና አልተሠራም ነበር፤ ተሠርቶ ቢሆን እሱንም ይጨምሩት ነበር። ፊዚክሱን እያሰብኩ ራሴን አጽናናሁ። ፍላሽ ነፋስ አይዝም። ቁጥር ነው የሚይዘው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ግን ያን ማታ እርግጠኛ አልነበርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የበሩ መጋረጃ ተነቃነቀ።

ሁላችንም አየነው። ማንም ለማንም አልተናገረም፤ የተባለ እንደሆነ ይመለሳል ብለን የፈራን ይመስላል። ባሕር ዛፉ ሾ ማለት ጀመረ። ጋሽ ይመር ላይዳቸውን አንሥተው ሮጡ። መንደሩ ሁሉ መንሹንና ላይዳውን እየያዘ ለእርዳታ ወጣ፤ የጋሽ ይመር አውድማ ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋስ ቀድሞ እዚያ ይደርሳልና መጀመሪያ የእሳቸው ይለቅ፣ ከዚያ የሸህ እንድሪስ ተባለ። እብቁ እየተነሣ ገደሉን ተሻግሮ ሲሄድ፣ ስንዴው እየጠራ ሲወርድ ስንት ቀን የጨነቀው ደረቴ ተከፈተ። ሸህ እንድሪስ ትከሻዬን ይዘው «አላህ ይጨምርልህ ልጄ፤ የእውቀትህን ፍሬ ለሰው ስንዴ ብለህ ጣልክ» አሉኝ። መምሬ ጌጡ በመስቀላቸው ባረኩኝ። እኔ ሁሉንም ቡራኬ ቆሜ ተቀበልኩ፤ አንዱም ወደ ውስጥ አልገባልኝም።

ክምሩ ግማሽ ሲደርስ ጋሽ ይመር ላይዳቸውን አቁመው ወደ እኔ መጡ። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አንድ ነገር አለብኝ» አሉኝ። «ትናንት እንደዚያ ብዬህ በልቤ ግን ጠርጥሬህ ነበር። የሆነ ነገር አስቀርቷል ብዬ አስቤአለሁ። ወንጀል ነው። አፉ በለኝ ልጄ።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ባዶ እግራቸውን ገለባ ላይ ቆመው፣ ዋሽቼ ያቆየሁትን ነገር ስለጠረጠሩ ይቅርታ ይለምኑኛል። ከዚህ በኋላ ዝም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልቻልኩም። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«አፉ የሚባል እኔን ነው አባቴ» አልኳቸው። «ዋሽቻችኋለሁ። ሁሉንም አልደመሰስኩም። ይኸው።»

ፍላሹን አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋቸው።

ነፋሱ ቆመ።

ባሕር ዛፉ ዝም አለ። አየር ላይ የነበረው እብቅ ጥቂት ቆየና በሰዎቹ ራስና ትከሻ ላይ በዝግታ ወረደ። ላይዳ ያነሡ ሰዎች እንዳነሡ ቀሩ። ከታች ሸህ እንድሪስ «ምን ሆነ?» ሲሉ ይሰማኛል። ነፋስ አንዳንዴ መሀል ላይ ያርፋል፤ ይህንንም አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ግን የማስተምረው ነገር ሁሉ ከአናቴ ወጥቶ ነበር።

ጋሽ ይመር ወደ ታች «ምንም አልሆነም» ብለው መለሱ። ፍላሹን አዩት። ከጥፍራቸው ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ክምር አዩ፣ ከክምሩ ቀጥለው ደመናውን አዩ። ይሰብሩታል፣ ገደል ይወረውሩታል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢወረውሩትም ቅር አይለኝም ነበር። እሳቸው ግን በሻከረው እጃቸው የእጄን አንጓ ያዙና መዳፌን ከነፍላሹ ቀስ አድርገው ኪሴ ውስጥ መልሰው ከተቱት፣ ከላይም ጫን አደረጉት።

«አፉ ብያለሁ» አሉኝ በለሆሳስ። «እስክንጨርስ ግን እጅህን እንዳታወጣው።»

መጀመሪያ የጋቢያቸው ጫፍ ተነሣ። ቀጥሎ ገለባው እግራችን ሥር ተንሸራተተ። ላይዳዎቹ እንደገና ሲወጡና ሲወርዱ ሰማሁ።

ያን ቀን አውድማ ዳር ቀኝ እጄን ኪሴ ውስጥ ቀርቅሬ ቆሜ ዋልኩ። ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ በግራ እጄ አባረርኩት። ምሳ ሀዋ አጎረሰችኝ፤ ሰው ፍቅር መሰለው። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ላይዳ ወርዶ የጋሽ ይመር ስንዴ ብቻውን ቢጫ ሆኖ አውድማው መሀል ተቀመጠ። በረካ ብለው መስፈር ጀመሩ። ጆንያዎቹ ተሰፍተው ወደ ቤት ሲገቡ ጋሽ ይመር ወደ እኔ መጥተው አጠገቤ ቆሙና «አሁን አውጣው፤ ሥራህ ነው፣ ውሰደው» አሉኝ።

አላወጣሁም። የሸህ እንድሪስ ክምር ገና አልተነካም ነበር።